አንድ የቢልድ ስክሪፕት ለአራት ታርጌት፦ ይቀጥል ወይስ እንከፋፍለው?

ሴሚኮለን፦

ሰላም ለሁላችሁ። በሲ የተጻፈ ፕሮግራም አለን። ከሴንሰር ዳታ ይቀበላል፣ ያጣራል፣ ይመዘግባል። ዋናው ኮድ አንድ ነው። ታርጌቶቹ (ኮዱ ተገንብቶ የሚወጣባቸው ዓይነቶች) ግን አራት ናቸው፦ ሊኑክስ ዲበግ (ስህተት ለመፈለግ)፣ ሊኑክስ ሪሊዝ (ለተጠቃሚ የሚሰጠው)፣ ዊንዶውስ (ከሊኑክስ ላይ በሚንጂደብልዩ ኮምፓይለር ክሮስ ኮምፓይል የምናደርገው፣ ማለትም ለሌላ ሲስተም የምንሠራው) እና ኮርቴክስ ኤም4 የተባለ የአርም ቺፕ።

አራቱም የሚሠሩት በአንድ ሜክፋይል (ሜክ የተባለው የቢልድ ፕሮግራም በሚያነበው ስክሪፕት) ነው። ፋይሉን የተረከብነው ከእኛ በፊት ከነበረው ቡድን ነው። ለእያንዳንዱ ታርጌት የራሱ ብሎክ አለው። ብሎኮቹ ከጥቂት መስመሮች በስተቀር አንድ ዓይነት ናቸው። አዲስ የሲ ፋይል ሲጨመር አራት ቦታ መንካት ግድ ነው። አንዱ ከተረሳ የሚታወቀው ያን ታርጌት የሚጠቀም ሰው ሲጮህ ነው።

የሚያስጨንቀን ግን ሌላ ነው። ለቺፑ ቢልድ አድርገን ወደ ሊኑክስ ስንመለስ ሊንከሩ (የተሠሩትን ክፍሎች አገናኝቶ ፕሮግራሙን የሚያወጣው) «ሪሎኬሽንስ ኢን ጀነሪክ ኢኤልኤፍ፣ ኢኤም 40» ብሎ ይቆማል። እሱስ ቢያንስ ይናገራል። ከዲበግ ወደ ሪሊዝ ስንቀይር ግን ምንም ኤረር የለም። ቢልዱ ያልቃል፣ ፕሮግራሙ ይነሳል፣ ከዚያ አልፎ አልፎ ይወድቃል። የሚመዘግበው ሰዓትም የማይሆን ቁጥር ይሆናል። ክሊን አድርገን (የተሠሩትን ፋይሎች ሁሉ አጥፍተን) ከዜሮ ስንጀምር ሁሉም ይስተካከላል። ስለዚህ አሁን ታርጌት በቀየርን ቁጥር ክሊን እናደርጋለን። ፕሮጀክቱ እያደገ ሲሄድ ይሄ ጊዜ መብላት ጀምሯል።

ከባልደረቦቼ አንዳንዶቹ ስክሪፕቱን አራት ቦታ እንከፋፍለው ይላሉ። እናንተ ምን ትላላችሁ?

ታብ_ብቻ፦

ሰላም ሴሚኮለን። ከመከፋፈላችሁ በፊት አንድ ነገር አረጋግጡ። ኦብጀክት ፋይሎቹ (ኮምፓይለሩ ከእያንዳንዱ የሲ ፋይል የሚያወጣቸው) የት ነው የሚቀመጡት? ከገለጻህ እንደምገምተው አራቱም ታርጌቶች አንድ ፎልደር ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት ስም ነው የሚጽፉት። ሁለቱም ችግሮችህ ከዚያ ይመጣሉ።

ሜክን ስቱዋርት ፌልድማን ቤል ላብስ ውስጥ የሠራው በ1976 ነው። ያኔም ሆነ ዛሬ ሜክ የሚያየው የፋይሎቹን ሰዓት ብቻ ነው። ኦብጀክቱ ከሲ ፋይሉ በኋላ የተጻፈ ከሆነ «ይሄ ተሠርቷል» ብሎ ያልፈዋል። በየትኛው ኮምፓይለር እንደተሠራ አያውቅም። በየትኞቹ ኦፕሽኖች እንደተሠራም አያውቅም። ስለዚህ ለቺፑ የተሠራውን ኦብጀክት ለሊኑክስ ሊንከር ይሰጠዋል። ኢኤም 40 ማለት በኢኤልኤፍ (ሊኑክስ ላይ ኦብጀክትና ፕሮግራም የሚጻፍበት ቅርጽ) ፋይል ውስጥ የአርም ፕሮሰሰር መለያ ቁጥር ነው። 64 ቢት የኢንቴልና የኤኤምዲ ማሽን መለያ 62 ነው። ሊንከሩ 62 ሲጠብቅ 40 አገኘ ማለት ነው።

የዲበግና የሪሊዙ የባሰ ነው፤ ሁለቱም 62 ስለሆኑ ሊንከሩ የሚያጉረመርምበት ምክንያት የለውም። ኮዳችሁ ውስጥ ለዲበግ ብቻ የሚጨመር የስትራክት (የተለያዩ ዳታዎችን በተርታ የሚይዝ አወቃቀር) ፊልድ አለ?

ሴሚኮለን፦

አለ! የሴንሰር መዝገቡ ስትራክት ውስጥ፣ ከሰዓቱ በፊት፣ ለዲበግ ብቻ የሚገባ ቆጣሪ አለ።

ታብ_ብቻ፦

እንግዲያው አገኘነው። በደንብ እንየው፤ ይሄን የመሰለ ብልሽት ብዙ ፕሮጀክት ውስጥ ተደብቆ ይኖራል።

ስትራክታችሁ በሪሊዝ እንዲህ ነው እንበል፦ 4 ባይት መለያ፣ 4 ባይት ንባብ፣ ከዚያ 8 ባይት ሰዓት። ድምሩ 16 ባይት፤ ሰዓቱ የሚጀምረው 8ኛው ባይት ላይ ነው። በዲበግ ከሰዓቱ በፊት 8 ባይት ቆጣሪ ይገባል። ድምሩ 24 ይሆናል፣ ሰዓቱም ወደ 16ኛው ባይት ይሸሻል።

አሁን ዲበግ ቢልድ አደረግህ። ከዚያ አንድ የሲ ፋይል ነክተህ ሪሊዝ አዘዝክ። ሜክ የነካኸውን ብቻ በሪሊዝ ኦፕሽን ይሠራል፤ የቀሩትን የዲበግ ኦብጀክቶች እንዳሉ ይወስዳል። አዲሱ ፋይል ሰዓቱን 8ኛው ባይት ላይ ይጽፋል። አሮጌው 16ኛው ላይ ሄዶ ያነባል። እዚያ ያለው ደግሞ የሚቀጥለው መዝገብ መጀመሪያ ነው፣ ወይም ጭራሽ የሌላ ነገር ሚሞሪ ነው። በሲ ሊንከሩ የሚያገናኘው በስም ብቻ ነው፤ የስትራክት መጠን አይመረምርም። ስለዚህ ማንም ምንም አይልም። የማይሆን ሰዓትህም፣ አልፎ አልፎ የሚመጣው መውደቅም ከዚህ ነው።

መፍትሔው እያንዳንዱ ታርጌት የራሱ የውጤት ፎልደር እንዲኖረው ማድረግ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ፈጣን_ቢልድ፦

ታብ ያልከው እውነት ነው። እኔ ግን አራት ስክሪፕት ይሻላል ባይ ነኝ። የቺፑ ቢልድ የሊንከር ስክሪፕት ይፈልጋል፣ ፋይሉን ወደ ባይነሪ መቀየር አለበት፣ ቺፑ ላይ መጫን አለበት። ዊንዶውስ ደግሞ የራሱ ላይብረሪዎች አሉት። ሁሉንም አንድ ፋይል ውስጥ ስታጉር በየመስመሩ «ታርጌቱ ይሄ ከሆነ፣ ያ ከሆነ» ይሞላል። ከዚያ ማንም ደፍሮ አይነካውም። አራት አጭር ስክሪፕት ግን እያንዳንዱን ከላይ እስከ ታች አንብበህ ትጨርሰዋለህ።

ታብ_ብቻ፦

በኢፍ የተሞላ ስክሪፕት መጥፎ ነው፤ እዚህ ላይ አንድ ነን። የምንለያየው መድኃኒቱ ላይ ነው።

አራት ስክሪፕት ስትጽፍ አራት የፋይል ዝርዝር ይኖርሃል። አራት የማስጠንቀቂያ ኦፕሽን ዝርዝርም ይኖርሃል። ዛሬ አንድ ዓይነት ናቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ አንዱ ሰው ሊኑክስ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ይከፍታል፤ ዊንዶውሱ ሳይከፈት ይቀራል። ሌላው የቺፑ ላይ ኦፕቲማይዜሽን ይቀይራል፣ ለምን እንደቀየረው ሳይጽፍ። በመጨረሻ አራቱ ስክሪፕቶች አራት የተለያየ ፕሮግራም ይሠራሉ። ያኔ «ሊኑክስ ላይ ይሠራል፣ ቺፑ ላይ አይሠራም» ስትባል ልዩነቱ ከኮዱ ይምጣ ከስክሪፕቱ አታውቅም። ሴሚኮለን «አዲስ ፋይል ሲጨመር አራት ቦታ» ያለው እኮ አሁንም አራት ስክሪፕት ስላለው ነው። አንድ ፋይል ውስጥ ስለተጻፉ ነው አንድ የሚመስሉት።

እኔ የምመክረው ሕጉን አንድ ጊዜ መጻፍ ነው፤ ልዩነቱን ደግሞ ለብቻው፣ እንደ ዳታ። ለየታርጌቱ አንዲት ትንሽ ፋይል ትኑር። ውስጧ ኢፍ የለም፣ ሕግ የለም፣ ትእዛዝ የለም። የኮምፓይለሩ ስም፣ ኦፕሽኖቹ፣ የሊንክ ኦፕሽኖቹ፣ የዚያ ታርጌት ብቻ የሆኑ የሲ ፋይሎች፤ በቃ። ዋናው ሜክፋይል የተመረጠውን ታርጌት ፋይል ኢንክሉድ ያደርጋል።

ዋናው ክፍል ይህን ይመስላል። የቫሪያብሎቹን ስም፣ የፋይል ቅጥያዎቹንና የኮምፓይለሩን ኦፕሽኖች በአማርኛ አድርጌያቸዋለሁ፤ እናንተ በለመዳችሁት ጻፉት፤ ቅጥያዎቹና ኦፕሽኖቹ ግን የግድ በእንግሊዝኛ ፊደል ይሁኑ።

    ውጤት := ቢልድ/$(ታርጌት)
    ኦብጀክቶች := $(ምንጮች:ምንጭ/%.ሲ=$(ውጤት)/%.ኦ)

    $(ውጤት)/%.ኦ: ምንጭ/%.ሲ
            $(ኮምፓይለር) $(ኦፕሽኖች) -ሲ $< -ኦ $@

መጀመሪያ የውጤቱ ፎልደር የታርጌቱን ስም ይይዛል። ቀጥሎ እያንዳንዱ የሲ ፋይል እዚያ ፎልደር ውስጥ ወዳለ የኦብጀክት ስም ይለወጣል። ሕጉ አንድ ነው፤ ለአራቱም ይሠራል። $< የመጀመሪያውን ግብዓት፣ $@ የሚሠራውን ፋይል ይተካል። ከሕጉ በታች ያለው መስመር የሚጀምረው በስፔስ ሳይሆን በታብ መሆን አለበት። ይሄን ሁሌ እናገራለሁ፤ ከዚህ ገጽ ኮፒ ስታደርጉ ታቡ ወደ ስፔስ ይቀየርባችኋል።

ቢልድ/ዲበግ፣ ቢልድ/ሪሊዝ፣ ቢልድ/ዊንዶውስ፣ ቢልድ/ቺፕ። ከአንዱ ወደ አንዱ ስትዘዋወር ክሊን አያስፈልግም። የነካኸው ፋይል ብቻ ይሠራል።

ፈጣን_ቢልድ፦

እንዲህ ከሆነ የእኔ አጭር ስክሪፕትም ይኖራል፣ ዝርዝሩም አይደጋገምም። ተቀብያለሁ። ቺፑ ላይ የመጫኑ ነገርስ? እሱ ዳታ አይደለም፣ ትእዛዝ ነው።

ታብ_ብቻ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። የመጫን ትእዛዙ ለብቻው ሕግ ይሁንና ዋናው ፋይል ውስጥ ይቀመጥ። የታርጌቱ ፋይል «የመጫኛ ፕሮግራም» የሚል ቫሪያብል ከሞላ ይሠራል፤ ባዶ ከሆነ «ይህ ታርጌት አይጫንም» ብሎ ይቁም። አንድ ኢፍ ብቻ ነው፣ እሱም አንድ ቦታ።

ሴሚኮለን፦

አሁን መልኩ እየታየኝ ነው። ግን ሜክ ራሱ ለታርጌት የተለየ ቫሪያብል ይፈቅድ የለ? እኛ ፋይል ውስጥ «ዲበግ: ኦፕሽኖች += ...» የሚል አለ። እሱ ለምን አልበቃም?

ታብ_ብቻ፦

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሸወደው። ያ አጻጻፍ ቫሪያብሉን ለዲበግ ታርጌትና እሱ ለሚጠይቃቸው ፋይሎች ሁሉ ይለውጠዋል። ቆንጆ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ፋይል በአንድ የሜክ ሩጫ ውስጥ ቢበዛ አንድ ጊዜ ነው የሚሠራው። ዲበግና ሪሊዝን በአንድ ትእዛዝ ብትጠይቅ፣ ሁለቱም የሚጋሩትን ኦብጀክት ቀድሞ የደረሰው በራሱ ኦፕሽን ያሠራዋል፤ ሁለተኛው ያንኑ ይወስዳል። በትይዩ ካስኬድከው ደግሞ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ አይታወቅም።

ዘዴው ራሱ ክፉ አይደለም። ኦብጀክቶቹ በፎልደር እስካልተለዩ ድረስ ግን አያድንህም።

«ሁሉንም ሥራ» ለሚለው ታርጌት ዋናው ፋይል ራሱን በየታርጌቱ ስም ይጥራ። ሲጠራ «ሜክ» ብላችሁ አትጻፉ፤ በትልልቅ ፊደል የሚጻፈውን የሜክ ቫሪያብል ተጠቀሙ። አለበለዚያ ማይነስ ጄ (በትይዩ የማስኬጃ ኦፕሽን) ያላችሁት ወደ ውስጠኛው ሩጫ በትክክል አይተላለፍም።

ቺፕ_ወዳጅ፦

ቺፕ ላይ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። ፕሮጀክታችሁ ኮድ የሚያመነጭ ትንሽ ፕሮግራም አለው? ለምሳሌ ሠንጠረዥ አንብቦ የሲ ፋይል የሚጽፍ?

ሴሚኮለን፦

አለን። የሴንሰሮቹን የማስተካከያ ሠንጠረዥ አንብቦ አንድ የሲና አንድ ሄደር ፋይል (ሌሎች የሲ ፋይሎች ኢንክሉድ የሚያደርጉት) ያወጣል። እሱም በሲ ነው የተጻፈው።

ቺፕ_ወዳጅ፦

እንግዲያውስ ፎልደር ስትለዩ የሚመጣባችሁን ከአሁኑ ልንገራችሁ። አመንጪው ፕሮግራም በዚያው ሕግ ኮምፓይል ይሆናል። ታርጌቱ ቺፕ ሲሆን አመንጪውም ለአርም ይሠራል። ቀጥሎ ስክሪፕቱ ኮምፒውተራችሁ ላይ ሊያስነሳው ሲሞክር እምቢ ይላል፤ የአርም ፕሮግራም ነዋ። እስከ ዛሬ ያልታያችሁ ምናልባት ሊኑክስ ላይ የተሠራው አመንጪ እዚያው ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ ስለነበር ነው።

ስለዚህ ሁለት ኮምፓይለር ያስፈልጋችኋል። አንዱ የታርጌቱ። ሌላው ሁልጊዜ የራሳችሁ ማሽን። የሊኑክስ ከርነልም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ለሚገነባው ሲስተም አንድ፣ በሚገነባበት ማሽን ላይ ለሚሮጡ መሣሪያዎች ሌላ የኮምፓይለር ቫሪያብል አለው። ለአመንጪው አምስተኛ ፎልደር ስጡት፤ ቢልድ/መሣሪያ በሉት። ምንም ታርጌት ቢመረጥ የእሱ ሕግ አይቀየርም። ከአራቱ ታርጌቶች ኦፕሽን አንዳች እንዳይደርሰው። በተለይ የዊንዶውሱ ሊንክ ኦፕሽን ሾልኮ ከገባ ኤረሩ ግራ ያጋባችኋል።

ሀሽ_ታግ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሲሜክ (ሜክፋይልና የመሳሰሉትን ራሱ የሚጽፍ መሣሪያ) ለምን አልተነሳም? እኛ ጋ ታርጌት ሲበዛ ወደ ሲሜክ ሄደን ብዙ ነገር ቀሎናል። ሲሜክ ከመሠረቱ ምንጩንና ውጤቱን ለይቶ ነው የሚያስበው። አንድ የቢልድ ፎልደር አንድ ቱልቼይን (ኮምፓይለሩና አጋር መሣሪያዎቹ) ይይዛል። ለቺፑ የቱልቼይን ፋይል ትጽፊያለሽ፣ ለዊንዶውስ ሌላ፤ ዋናው የሲሜክ ፋይል አይነካም።

ከ3.19 ጀምሮ ደግሞ ፕሪሴት አለ። በጄሰን ፋይል ውስጥ እያንዳንዱን ታርጌት በስሙ ትዘረዝሪያለሽ፦ ቱልቼይኑ፣ የቢልድ ዓይነቱ፣ የውጤት ፎልደሩ። አንዱ ፕሪሴት ከሌላው ይወርሳል። የጋራውን አንድ መሠረት ላይ ጽፈሽ በየታርጌቱ የሚለየውን ብቻ ትጨምሪያለሽ። ፋይሉ ከኮዱ ጋር ጊት ውስጥ ይገባል። የግል ምርጫሽን የምታስቀምጪበት ሌላ ፋይል አለ፤ እሱ አይገባም። አዲስ ሰው ቡድኑን ሲቀላቀል የፕሪሴቱን ስም ብቻ ነው የሚጠይቀው።

አንድ ማሳሰቢያ። በሜክና በተራው ኒንጃ (እንደ ሜክ ያለ የቢልድ ፕሮግራም) ጀነሬተር የቢልድ ዓይነት የሚወሰነው ኮንፊገር ሲደረግ ነው። በ3.17 የመጣው ባለ ብዙ ኮንፊገሬሽን ኒንጃ ዲበግና ሪሊዝን በአንድ ፎልደር ያስተዳድራል፤ ኦብጀክቶቹን ራሱ ይለያቸዋል። ቱልቼይን ግን አይቀላቅልም። ስለዚህ ለሴሚኮለን ቢያንስ ሦስት ፎልደር ይኖራል።

ቺፕ_ወዳጅ፦

እህቴ ያልሽው በሙሉ ልክ ነው። ቅድም ያነሳሁት አመንጪ ፕሮግራም ግን ሲሜክ ላይ ትንሽ ይከብዳል። አንድ ፎልደር አንድ ቱልቼይን ከሆነ፣ አመንጪውን ለራስ ማሽን ለመሥራት ሌላ የሲሜክ ሩጫ ያስፈልጋል። ሜሰን የተባለው ሌላ የቢልድ ሲስተም በዚህ በኩል ይሻላል፤ «ይሄኛው ለራሴ ማሽን ነው» ብለህ በአንድ ቃል ትነግረዋለህ።

ሀሽ_ታግ፦

እውነት ነው፤ እኛም መሣሪያዎቹን ቀድመን በተለየ ፕሪሴት ሠርተን ቦታቸውን ለቺፑ ፕሪሴት እንነግረዋለን። ይሠራል፣ ግን አንድ ተጨማሪ እርምጃ ነው።

ታብ_ብቻ፦

ሴሚኮለን፣ አሁን ያላችሁ ሜክ ከሆነና ፕሮጀክቱ በሲ ብቻ ከሆነ እዚያው ቆዩ እላለሁ። ሌሎች ላይብረሪዎችን መፈለግና ቪዥዋል ስቱዲዮን መደገፍ ሲመጣ ሲሜክ ዋጋውን ይመልሳል። ፎልደር መለየትና ልዩነቱን እንደ ዳታ መጻፍ በሁለቱም አንድ ነው። ያንን ዛሬ ከሠራችሁት ነገ መሻገሩ ቀላል ነው።

አንድሮይድ_ሠሪ፦

ከሌላ ሰፈር ነኝ፤ ግን ችግሩ የእኛም ነው። ግሬድል (የአንድሮይድ የቢልድ መሣሪያ) ላይ የቢልድ ዓይነት አለ፣ ፍሌቨር (የአፑ ዓይነት) አለ። ሁለቱን ያባዛቸዋል። ዲበግና ሪሊዝ ካሉህ፣ ነፃ፣ የሚከፈልበትና ለድርጅት የሚሆን ሦስት ፍሌቨር ካሉህ 6 ቫሪያንት ይወጣል። ከዚያ አንዱ ተነስቶ «የሙከራ ሰርቨርና የእውነተኛው ሰርቨር» የሚል ሌላ ዳይሜንሽን ይጨምራል። ያኔ 12 ይሆናል። ከ12ቱ ሰው የሚጠቀምበት ግማሹም አይሆን ይሆናል፤ ሁሉን ቢልድ አድርግ ያልከው ሰርቨር ግን ሁሉንም ይሠራል።

እኛ የማያስፈልጉትን ጥምረቶች በፊልተር እንዘጋለን። እናንተ ሜክ ላይ ያላችሁ ደግሞ ጥቅም አላችሁ፤ ታርጌቶቹን በስም ነው የምትዘረዝሩት። ማባዣ አትሥሩ። አራት ስም ካለ አራት ፋይል። አምስተኛ የሚጨመረው የሚጠቀምበት ሰው ሲኖር ብቻ ነው።

ሎግ_አንባቢ፦

ቲፎዞ ነኝ ለታብ_ብቻ ሐሳብ። ግን አንድ ቀዳዳ ቀርቷል። ፎልደር ለየን እንበል። ነገ አንዱ የሪሊዝ ታርጌት ፋይሉን ከፍቶ ኦ2 የነበረውን የኦፕቲማይዜሽን ደረጃ ኦ3 ቢያደርገውስ? ሜክ ሰዓት ብቻ ስለሚያይ ያሉትን ኦብጀክቶች አይነካም። እንደገና ድብልቅ ተፈጠረ፤ በዚህ ጊዜ እዚያው አንድ ፎልደር ውስጥ።

ቀላሉ መንገድ እያንዳንዱ ኦብጀክት በታርጌቱ ፋይል ላይ እንዲመሠረት ማድረግ ነው። የታርጌቱ ፋይል ሲቀየር የዚያ ታርጌት ኦብጀክቶች ሁሉ ይታደሳሉ፤ የሌሎቹ አይነኩም። ይሄ የሚሆነው ደግሞ ልዩነቱ በየፋይሉ ስለተለየ ነው። ከትእዛዝ መስመር ላይ የሚሰጥ ኦፕሽን ካላችሁ ግን ይሄ አይዘውም። ኦፕሽኖቹን ወደ አንድ የጽሑፍ ፋይል መጻፍ፣ ይዘቱ ከቀድሞው ከተለየ ብቻ መተካት፣ ከዚያ ኦብጀክቶቹን እሱ ላይ መመሥረት ነው። ኒንጃ ይህን ራሱ ያደርገዋል፤ ትእዛዙ ከተቀየረ ፋይሉን እንደገና ይሠራል። የከርነሉ የቢልድ ሲስተምም እያንዳንዱ ኦብጀክት የተሠራበትን ትእዛዝ ጎኑ ባለ ፋይል ይመዘግብና ያነጻጽራል።

ሄደር ፋይሎችንም አትርሱ። ጂሲሲና ክላንግ የተባሉት ኮምፓይለሮች ማይነስ ኤምኤምዲ ሲባሉ እያንዳንዱ የሲ ፋይል የትኞቹን ሄደሮች እንደሚጠራ ራሳቸው ይጽፋሉ። ያ ዝርዝር ከኦብጀክቱ ጎን ይቀመጥ፤ ዋናው ፋይል ኢንክሉድ ያድርገው። ከማይነስ ኤምፒ ጋር ተጠቀሙት። አለበለዚያ አንድ ሄደር ስትሰርዙ ቢልዱ «ፋይሉን መሥራት አልቻልኩም» ብሎ ይቆማል።

ሴሚኮለን፦

ወገኖቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሌላ ጥያቄ። ኮዱ ውስጥ በየቦታው «ዊንዶውስ ከሆነ፣ ቺፕ ከሆነ» የሚሉ ኢፍዴፎች ሞልተዋል። እሱንስ ስክሪፕቱ ሊረዳን ይችላል?

ቺፕ_ወዳጅ፦

ይችላል። የታርጌቱ ፋይል የሲ ፋይሎችን ዝርዝር ስለሚይዝ ምርጫውን ወደዚያ አውጡት። «ሰዓት አንብብ» የሚል አንድ ሄደር ይኑር። ሦስት የሲ ፋይል ይተግብረው፦ አንዱ ለሊኑክስ፣ አንዱ ለዊንዶውስ፣ አንዱ ለቺፕ። የቀረው ኮድ በየትኛው ላይ እንዳለ ማወቅ የለበትም። ኢፍዴፍ የተሞላ ፋይል ከአራቱ ታርጌቶች በአንዱ ብቻ የሚታይ መስመር ይደብቃል፤ ያ መስመር ተበላሽቶ ሳይታወቅ ይከርማል።

ከዚያ ኢፍዴፍ የማይፈታቸው ልዩነቶች አሉ። «ሎንግ» 64 ቢት ሊኑክስ ላይ 8 ባይት ነው። 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ 4 ነው። ኮርቴክስ ኤም4 ላይም 4 ነው። ፋይል ላይ ወይም ኔትወርክ ላይ የሚጻፍ ነገር ውስጥ ሎንግ ካለ፣ ከ1999 የሲ ስታንዳርድ ጀምሮ ባሉት መጠናቸው በተወሰነ ታይፖች ተኩት። ሌላው ተራው «ቻር» ነው። በኢንቴል ማሽን ላይ ጂሲሲ ኔጌቲቭ ቁጥር የሚይዝ ያደርገዋል፤ አርም ላይ አይይዝም። «ከዜሮ ካነሰ» የሚል ፍተሻ ቻር ላይ ካለ ቺፑ ላይ መቼም እውነት አይሆንም። ሊኑክስ ላይ ቴስቱ አረንጓዴ ነው፣ ቺፑ ዝም ብሎ ይሳሳታል።

ሎግ_አንባቢ፦

ለዚህ ነው ሲአይ ሰርቨሩ (ኮድ ሲላክለት ራሱ ቢልድና ቴስት የሚያደርገው) በእያንዳንዱ ፑሽ አራቱንም ቢልድ ማድረግ ያለበት። ቴስት የሚሮጠው ሊኑክስ ላይ ብቻ ቢሆንም ኮምፓይሉ ለአራቱም ይሁን፤ ማስጠንቀቂያዎቹ ብቻ ብዙ ይነግራሉ። ደግሞም ሰርቨሩ የራሱ ትእዛዝ አይኑረው። እናንተ ተርሚናል ላይ የምትጽፏትን ያችኑ መስመር ይጻፍ። የኮምፓይለር ኦፕሽን ሲአይ ፋይሉ ውስጥ ካያችሁ አምስተኛ ስክሪፕት ተወልዷል ማለት ነው።

ሴሚኮለን፦

ውጤቱን ላሳውቃችሁ። አራቱ ብሎኮች ወጥተው ዋናው ፋይል አጠረ፤ አራት ትናንሽ የታርጌት ፋይሎች አሉን። የሲ ፋይሎቹ ዝርዝር አንድ ቦታ ብቻ ነው። ከቺፕ ወደ ሊኑክስ፣ ከሊኑክስ ወደ ቺፕ እንመላለሳለን፤ የነካነው ብቻ ይሠራል። የሰዓቱ ብልሽት ጠፍቷል። አመንጪው ልክ ቺፕ_ወዳጅ እንዳለው ወዲያው ነው እምቢ ያለው፤ የራሱን ፎልደር ሰጥተነዋል።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። አመንጪው ሁለት ፋይል ነው የሚያወጣው፣ የሲና ሄደር። በማይነስ ጄ ስናስኬድ አንዳንዴ ሁለት ጊዜ ይነሳና ፋይሎቹን እላያቸው ላይ ይጽፋቸዋል። ሜክ 4.3 ላይ ከሁለት ነጥቡ በፊት የ«&» ምልክት ጨምረን ተፈታ። ግን ማክ የሚጠቀም ባልደረባችን ጋ አይሠራም።

ታብ_ብቻ፦

ማክ ላይ ከሲስተሙ ጋር የሚመጣው ሜክ 3.81 ነው፤ የ2006 ነው። የ«&» አጻጻፍ ደግሞ ገና በ4.3፣ በ2020 ነው የመጣው። አዲስ ሜክ መጫን አንዱ መንገድ ነው። ሳትጭኑ ከፈለጋችሁ ግን ፓተርን ሕግ ተጠቀሙ። በተራ ሕግ ሁለት ውጤት ስትጽፍ ሜክ «ሁለት የተለያዩ ሕጎች ናቸው» ብሎ ነው የሚያነበው፤ ሁለት ጊዜ የሚያስነሳውም ለዚህ ነው። በ«%» በተጻፈ ፓተርን ሕግ ውስጥ ግን ሁለት ውጤት ካለ «አንድ ሩጫ ሁለቱንም ያወጣል» ብሎ ይረዳል። ይሄ በአሮጌው ሜክም ይሠራል። የሲውና የሄደሩ ስም የሚጋሩት ክፍል ላይ «%» አድርጉ፤ ሠንጠረዡም በዚያው ስም ይጠራ።

ሴሚኮለን፦

ሞከርነው፤ ማክ ላይም በማይነስ ጄ አንድ ጊዜ ብቻ ይነሳል። የ«&»ውን አጻጻፍ አውጥተን ለሁሉም ማሽን ይሄንኑ አድርገነዋል።